«ሞተ» ስለሚባለው ካሴት

ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ የቁይን ሰው በጊዜ ወደየቤቱ በሚሰበስብበት ሰዓት፥ መብራት ካልሄደ፥ እኔ ክዳኑ የተነሣ የቪዲዮ ዴክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፥ ካቻቢቴዬን በቀኝ፥ የአልኮሉን ብልቃጥ በግራ አድርጌ፥ ሌሎች «አበቃለት» ብለው የፈረዱበትን ዕቃ እንደገና ለመመርመር እቀመጣለሁ። እንጀራዬ በዚህ አይደለም፤ ፍቅሩ ያደረብኝ፥ ዲፕሎማው የሌለኝ ሰው ነኝ። ነገር ግን በወረዳችን በደባይ ጥላትግን አሮጌ ዴክ የሚፈታ ሰው ስለማይበዛ፥ ካሴቱም የቴሌቪዥን ጨዋታው ሳጥንም ወደ እኔ ይመጣል፤ ከዕቃውም ጋር ስለ ዕቃው የሚወራው ተረት አብሮ ይመጣል። ካሴትን እርጅና ከገደለው ይልቅ ተረት የገደለው እንደሚበልጥ የተረዳሁትም በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሰው ያልሞተውን «ሞቷል» ሲሉት አምኖ ይጥለዋልና።

ባለፈው ክረምት አንዲት ጎረቤቴ እናት በነጠላቸው ጫፍ የጠቀለሉትን ካሴት ይዘው ገቡ። «ልጄ፥ ይኸ የልጄ ሰርግ ነው። ሦስት ቤት ሞከሩት፤ ሞቷል አሉኝ። እስቲ አንተ እየው» አሉኝ። «እማማ፥ ይቀመጡ፤ ቡናው እስኪፈላ አብረን እናየዋለን» አልኋቸው። ካሴቱን ስከተው ዘፈኑና እልልታው ጥርት ብሎ ተሰማ፤ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ግን ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ እንደ በረዶ ከመርገፍ በቀር አንዳች ምስል አልነበረም። እኔም ያን ጊዜ ደስ አለኝ፤ እርሳቸው ግን የደስታዬ ምክንያት አልገባቸውም ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የቪ ኤች ኤስ ካሴት ጥብጣብ ወርዱ 12.65 ሚሊ ሜትር ሲሆን፥ ተራው ድምፅ በጠርዙ ላይ በቀጥታ መስመር ተጽፎ፥ ከቦታው በማይነቃነቅ፥ «ሄድ» በሚባል አንባቢ ራስ ይነበባል፤ ምስሉ ግን በጥብጣቡ ላይ ሰያፍ ሆነው በተደረደሩ ጭረቶች ተጽፎ፥ 62 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው፥ ዘንበል ብሎ በተተከለና በደቂቃ 1500 ጊዜ በሚሽከረከር ከበሮ (የማኅሌቱን አይደለም) ላይ ባሉ ጥቃቅን ሄዶች ይነበባል። የአንዱ ጭረት ስፋት 49 ማይክሮን ነው፤ ይህም ከብዙ ሰው ጠጉር ይቀጥናል። እንግዲህ ለዓይነ ሥጋ የማይታይ ትቢያ በዚያች ሄድ አፍ ላይ ቢጣበቅ፥ ምስሉ ሁሉ ሲጠፋ ድምፁ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ ድምፁ ሳለ ምስሉ ከጠፋ፥ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ዴኩ እንጂ ካሴቱ አይደለም። የእማማ ካሴት አቧራ ተሸክሞ ስለኖረ፥ በገባበት ቤት ሁሉ ሄዱን እየደፈነ፥ በሦስቱም ቤት በሐሰት ተመስክሮበት ወጣ። ጥብጣቡን እስከ መጨረሻው አሳልፌ መልሼ ካጠነጠንሁት በኋላ፥ ሄዱን ሁለት ጊዜ ባጸዳው፥ ዳሱ ታየ፤ ሙሽራዋ ታየች፤ በስተመጨረሻም ዛሬ በሕይወት የሌሉት የእማማ ባለቤት ጋቢያቸውን ደርበው፥ ተነሥተው ሲመርቁ ታዩ። ቡናው ቀዘቀዘ።

ስለ ማጽዳት ከተነሣ ዘንድ፥ በአገራችን ሥር የሰደደው ተረት «አረቄ ያጸዳዋል» የሚለው ነው። የጎጃም አረቄ ለብዙ ነገር ይበጅ ይሆናል፤ ለዴክ ግን፥ ዳግም የወጣው እንኳ ቢሆን፥ አይበጅም፤ ከአልኮሉ ጋር ብዙ ውሃ አለበትና። ከበሮው እርጥብ ሆኖ ሲዞር ጥብጣቡ ይለጠፍበትና ይጠመጠምበታል፤ ሰውም ወዲያው «ዴኩ ካሴት በላ» ይላል። ሽቶ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ መዓዛውን የሚሸከመው ቅባት ሄዱ ላይ ይቀራልና። ለዚህ ሥራ የተገባው 99 ከመቶ የሆነው አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። ከፋርማሲ የሚገኘው 70 ከመቶው ብቻ ከሆነ፥ ውሃው ጨርሶ እስኪተን ድረስ ታግሦ መቆየት ግድ ነው። ጥጥም አይነካው፤ ክሩ በሄዱ ጠርዝ ይያዛልና። ስፒናውን ነቅሎ፥ አልኮል የነካ ለስላሳ ቆዳ ወይም ክር የማይለቅ ጨርቅ ከበሮው ላይ ደገፍ አድርጎ፥ ጨርቁን ሳያነቃንቁ ከበሮውን በጣት ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ጨርቁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚፈትግ ሰው ሄዱን ይነቅለዋል፤ እኔም የመጀመሪያ ዴኬን ያጣሁት በዚሁ ነው።

የአገራችን ብርድም የራሱን ተረት ወልዷል። ሌሊቱን ብርድ ውስጥ ያደረ ዴክ ምድጃ ወደሚነድበት ክፍል ሲገባ፥ በመነጽር ላይ እንደሚያርፈው ያለ ላቦት ከበሮው ላይ ያርፋል፤ ብዙ ዴኮች ይህን የሚያውቅ መሣሪያ ስላላቸው አልሠራም ብለው ይቆማሉ። ባለቤቱ «ተቃጠለ» ይላል፤ ሁለት ሰዓት ቢታገሠው ግን ዴኩ ራሱ ይነሣ ነበር። የክረምቱ ሻጋታ ግን ተረት አይደለም። በካሴቱ መስኮት በኩል በጥብጣቡ ጥቅል ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ፥ ያ ካሴት ወደ ዴክ አይግባ፤ ሻጋታው ሄዱን ከደፈነ በኋላ ወደሚቀጥለው ካሴት ይሻገራልና። እንዲህም ሆኖ አልሞተም፤ ደርቆ፥ ከዴክ ውጭ ተጠርጎ፥ ብዙ ጊዜ ይነበባል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ከባሕር ማዶ በመጣው ካሴት ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በአሜሪካ የሚኖር ዘመድ የልጁን ክርስትና ቀርጾ ልኳል፤ እዚህ ሲከፈት ምስሉ ወደ ላይ ይንሸራተታል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ቀለም አልባ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ሦስት ዓይነት ትርጓሜ ይሰጣል። አንዱ «የአየር ማረፊያው ጨረር አጠፋው» ይላል፤ ሐሰት ነው፤ ኤክስሬይ የፎቶ ፊልምን ይጎዳል እንጂ በማግኔት የተጻፈን ነገር አይፍቅም። ሁለተኛው «ርካሽ ካሴት ልኮብን ነው» ብሎ ዘመዱን ያማል፤ ይህም ኃጢአት ነው። ሦስተኛው «አሮጌ ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ነው» ይላል፤ ይህ ሰው የእኛ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ጀምሮ በ1977 ዓ.ም. ቀለም ማግኘቱን አስታውሶ ከሆነ አልፈርድበትም፤ የካሴቱ ጉዳይ ግን ከዚህ አይገናኝም። እውነቱ የሥርዐት ልዩነት ነው። አገራችን የተቀበለችው ፓል የተባለውን ሥርዐት ሲሆን፥ ምስሉ በ625 መስመር፥ በሰከንድ 25 ጊዜ ይሣላል፤ አሜሪካ ይዛው የነበረው ኤን ቲ ኤስ ሲ በ525 መስመር፥ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ነው። የዚህም ጥንተ ነገሩ ቤታችን ውስጥ በሚበራው አምፖል ይገኛል፤ የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ሲመላለስ የእነርሱ 60 ጊዜ ይመላለሳልና፥ ቴሌቪዥንን የፈጠሩት ሊቃውንት ምስሉን ከየአገራቸው መብራት ጋር አስማሙት። ካሴቱ በቅርጹ አንድ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል፤ አንዱን ፊደል ወስደው ግእዝም አማርኛም እንደሚጽፉበት ያለ ነገር ነው፤ ፊደሉን ያወቀ ሁሉ ቋንቋውን አያውቅም። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ሲገኝ ያ ካሴት ከነሙሉ ቀለሙ ይታያል። የሚገርመው ደግሞ፥ ባዶ ሆኖ ከአሜሪካ የመጣው የ2 ሰዓት ካሴት በእኛ ዴክ 2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል መቅረጹ ነው፤ የእኛ ሥርዐት ጥብጣቡን በዝግታ ይስበዋልና።

አሁን ወደ ልጆቹ ጉዳይ እንለፍ፤ ልጆቹ ስል ዛሬ ጢም ያወጡትን ነው። በተለምዶ «ጌም» የምንለው፥ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካው ሳጥን፥ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን ያወጣው ፋሚኮም የተባለ መጫወቻ ቅጂ ነው፤ ቅጂውም ዓለምን ዞረ። በጨዋታው ካሴት ላይ «9999 ጨዋታ» ተብሎ የተጻፈውን አምኖ ወንድሙን እስከ ሌሊት ድረስ ያስቆጠረ ልጅ አውቃለሁ። እውነተኞቹ ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ያንኑ ጨዋታ ከሌላ ምዕራፍ ወይም በሌላ ፍጥነት የሚጀምሩ፥ ስማቸውን የለወጡ ናቸው። ካሴቱ አልሠራ ሲል እፍ ማለትም እንዲሁ ተረት ነው፤ የሚሠራው ነቅሎ መልሶ መሰካቱ ሲሆን፥ ከትንፋሽ የሚወጣው ርጥበት ግን የመዳቡን ጥርስ እያዛገ የነገውን ብልሽት ያዘጋጃል። «ጌም ቲቪ ያቃጥላል» የሚሉት እናቶች ከፊል እውነት አላቸው፤ በአሮጌው ሆደ ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ አንድ የማይነቃነቅ ሥዕል ለብዙ ሰዓት ከቆመ ጥላው መስተዋቱ ላይ ይቀራል፤ ይህ ግን የጨዋታው ሳይሆን ሳያጠፉ ትቶ የመሄድ በደል ነው።

ከጨዋታው ሁሉ ምሥጢሩ የሚጥመኝ ዳክዬ የሚታደንበት ሽጉጥ ነው። ሁላችንም ከሽጉጡ አፍ አንዳች ጨረር ወጥቶ መስተዋቱን የሚመታ መስሎን ነበር፤ ታናሾቻችንንም «ፊቱ አትቁም» እያልን አባረርናቸው። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ሽጉጡ ዓይን እንጂ አፍ የለውም። ቃታው ሲሳብ የቴሌቪዥኑ መስኮት ለቅጽበት ይጨልማል፤ በሚቀጥለው ቅጽበት፥ ማለት በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ፥ ዳክዬው በነበረበት ቦታ ነጭ አራት ማዕዘን ይበራል፤ ሽጉጡ አስቀድሞ ጨለማውን፥ ቀጥሎም ብርሃኑን ካየ «ተመታ» ይላል፤ ካላየ ዳክዬው በርሮ ይሄዳል፥ ውሻውም ይስቃል። ወደ አምፖል አነጣጥሮ ማሸነፍ ይቻላል የሚለውን ብልጠት ያፈረሰውም ይኸው ጨለማ ነው፤ አምፖል በትእዛዝ አይጨልምምና። አባት ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን ገዝቶ ባመጣ ማግስት ልጁ ሽጉጡን «ሞተ» ብሎ የጣለውም ስለዚህ ነው። ሽጉጡ የተሠራው አሮጌው ቴሌቪዥን በጨረር መስመር በመስመር ሲሥል የሚፈጥረውን ብልጭታ እንዲያይ ነው፤ ጠፍጣፋው እንዲህ አይሥልም፥ ምስሉንም ያዘገያል። ሽጉጡ ደኅና ነው፤ የሚያየው ነገር ጠፋበት እንጂ። አንድ ሆደ ሰፊ ቴሌቪዥንም ቤቴን አጣቦ የተቀመጠው ለዚህ ነው፤ ባለቤቴ ግን እስካሁን አላመነችኝም።

ያልሞተውን ሞተ የሚለው ሰው፥ የሚሞተውን ደግሞ አይሞትም ብሎ ያምናል። «ወደ ፍላሽ አስገልብጬዋለሁ፥ ካሴቱን ጣልሁት» የሚሉኝ ብዙዎች ናቸው። ፍላሽ በድንገት ይጠፋል፤ በቤት የተጻፈ ሲዲም ቀለሙ እየደበዘዘ አንድ ቀን አልነበብ ይላል። የቅጂን ነገር ጎጃም ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ በደብረ ወርቅም በመርጡለ ማርያምም በዲማ ጊዮርጊስም ብራና ዳምጠው የጻፉ አባቶች፥ ቅጂ ከቅጂ ሲገለበጥ ስሕተት እንደሚወልድ ያውቁ ነበርና፥ አዲሱን ከእናት መጽሐፉ ጋር ያስተያዩ ነበር። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥም በየትውልዱ ይደበዝዛል፤ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚገለበጠው ግን ሳይጎድል ይተላለፋልና፥ እናቱን ሳይጥሉ ሁለት ሦስት ቅጂ በተለያየ ቦታ ማኖር ነው። የቀረውም ጊዜ ረጅም አይደለም። ፉናይ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ፥ የቪዲዮ ዴክ የሚሠራ የመጨረሻው፥ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቆመ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 በጀመረው የማግኔት ጥብጣብ ማስጠንቀቂያም ባለሙያዎቹ 2025ን እንደ ቀነ ገደብ ጠቁመው ነበር፤ ጥብጣቡ ማርጀቱ ብቻ ሳይሆን የሚያነበው ዴክና መለዋወጫው መጥፋቱ አስግቷቸው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አልጋ ሥር ያስቀመጡት ካርቶን ካለ ዛሬ ያውጡት። ካሴቶቹን እንደ መጽሐፍ አቁመው፥ ከምድጃና ከርጥበት አርቀው ያስቀምጡ። በጀርባቸው ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሿን የፕላስቲክ ምላስም በካቻቢቴ ጫፍ ይስበሯት፤ ምላሷ የተሰበረች ካሴት ተበላሽታለች የሚልዎትን አይስሙ፤ ማንም ሌላ ነገር እንዳይቀርጽባት ተዘጋች ማለት ነው። መክፈት ሲያስፈልግ ቀዳዳዋ ላይ ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል።