ፊታቸውም ጥለቱም እንዲታይ

በጥምቀት ማግሥት በብዙ የጎንደር ቤቶች «ፎቶው እኮ አልሆነም!» ሲባል ይሰማል። እማማ ለበዓሉ ከዳባት ድረስ መጥተው፣ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ተነሥተዋል። ነገር ግን ፀሐይ ያረፈበት ነጠላቸው ከነጥለቱ አምሮ ሲወጣ፣ በዛፉ ጥላ ያለው ፊታቸው ጨልሞ አይለይም። በሌላው ፎቶ ደግሞ ፊታቸው በደንብ ወጥቶ ጥለቱ ጠፍቷል። ለከርሞ እናነሣቸዋለን እንዳይሉ፣ እማማ አርጅተዋል።

ውድ አንባቢ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ዓይናችን የደጋውን ፀሐይና የዛፉን ጥላ አጣጥሞ ያያል፤ ካሜራ ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱንም አሟልቶ ለመያዝ ይቸግረዋል።

መላው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰማዩን ከአንድ ኔጋቲቭ፣ ባሕሩን ከሌላ ወስዶ በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ቶም መርተንስና ሁለት ባልደረቦቹ ይህን መሰሉን ሥራ ኮምፒዩተር የሚያከናውንበትን ዘዴ አቀረቡ። ያለ ክፍያ የሚገኘው «ኤንፊዩዝ» የተባለው ፕሮግራም በዚሁ ዘዴ ከየፎቶው ጎልቶ የወጣውን ክፍል መርጦ፣ መጋጠሚያው እንዳይታይ አድርጎ ያዋሕዳል።

ካሜራውን በድንጋይ ካብ ላይ ወይም በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ያስደግፉና ሳያነቃንቁ ሦስት ጊዜ ያንሡ፤ አንዱን በመካከለኛ ብርሃን፣ አንዱን ወደ ሩብ ቀንሰው፣ አንዱን አራት እጥፍ ጨምረው። ካሜራው ላይ ይህ ከዜሮ ሁለት ዝቅ፣ ሁለት ከፍ ማለት ነው። ሦስቱን ለፕሮግራሙ ይስጡት።

እማማ ለጥቂት ሴኮንድ ጸጥ ይላሉ። ችግሩ ሕፃኑ ነው! እጁን ካወዛወዘ ሁለት እጅ ይዞ ይወጣል። ልጆች ባሉበት በስልክዎ «ኤችዲአር» የሚለውን ቢጠቀሙ ይሻላል፤ ስልኩ በፍጥነት አከታትሎ አንሥቶ ራሱ ያዋሕደዋል። ቢሆንም የሚሮጥ ልጅ እሱንም ያሳስተዋል።

አንዳንዱ ሰው ቅንብሩን ሲያበዛው ይታያል። ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራራ ወጥተው ያነሡትን ሰማይ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ያስመስሉታል፤ እኔ አልወደውም። በእማማ ፊት ላይማ ጨርሶ አይሞክሩት፤ የግንባራቸው መሥመር እንዳለ ይቆይ።

ሦስቱን የመጀመሪያ ፎቶዎች አያጥፉ፤ ምናልባት እንደገና ማዋሐድ ያስፈልግ ይሆናል። የተዋሐደውንም በወረቀት አሳትመው ዳባት ይላኩላቸው፤ እማማ ስልክ አይከፍቱም።