«ወለም አለው» ብለን የምናልፈው

ልጁ ደረጃ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል፤ ኳስ ሲጫወት ወለም ይለዋል። እናት በቅባት ታሸዋለች፤ አባት «እያየህ ሂድ እንጂ!» ብሎ ይቆጣል። ወለምታው ሲመላለስ፣ ያውም ሁለቱንም እግር ሲያፈራርቅ፣ ጥፋቱ የልጁ ላይሆን ይችላል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ሻርኮ-ማሪ-ቱዝ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የነርቭ ሕመም ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ሕመሙን ከገለጹት ከፈረንሣውያኑ ሐኪሞች ሻርኮና ማሪ፣ እንዲሁም ከእንግሊዛዊው ቱዝ ነው። ከ2,500 ሰዎች አንዱን ገደማ እንደሚይዝ ይገመታል።

ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። በብዙዎቹ ሕሙማን የሚጎዳው የሽቦው ልባስ ስለሆነ መልእክቱ ይዘገያል። ረጅሞቹ ነርቮች ወደ እግር የሚወርዱት በመሆናቸው ሕመሙ የሚጀምረው ከእግር ነው። እግርን ወደ ውጭ የሚመልሱት ጡንቻዎች ሲደክሙ ወደ ውስጥ የሚስቡት ያይላሉ። የውስጥ እግር ይጎደጉዳል፤ ተረከዝም ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ቁርጭምጭሚት የሚከዳው ያኔ ነው።

ሐኪሙ ልጁን በተረከዙ ያስኬደዋል፣ በአንድ እግር ያስቆመዋል፣ የጡንቻውን ጉልበት ይለካል። የጫማው ሶል በየት በኩል እንደተበላ ማየትም ይረዳል። ከዚህ ሌላ የሲድኒ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ሙሉ ነጥቡ 30 ሲሆን፣ ነጥቡ ዝቅ ባለ መጠን ቁርጭምጭሚቱ አይጸናም ማለት ነው። ኋላም ለልጆች እንዲመች ተደርጎ ተዘጋጅቶ ይህ ሕመም ባለባቸው ልጆች ላይ ተሞክሯል።

ጥያቄው ስለ ልጁ ስሜት ነው፤ ሲሮጥ፣ ሲዘል፣ ደረጃ ሲወርድ እግሩ ይከዳዋል ወይ? ስለዚህ ወላጅ «ደህና ነው» ብሎ ባይቀድመው ይመረጣል። ቋንቋ ካስቸገረ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሐኪሙ ስለ አባትና ስለ አያት እግር ሲጠይቅ «በዘራችን እንዲህ ያለ የለም» ማለት ልጁን ይጎዳል። በብዛት በሚታየው ዓይነት፣ ከወላጆች አንዱ ሕመሙ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም እነዚህን ሕሙማን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሕመሙን ማወቅ ይበጃል።

ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ሆኖም ፊዚዮቴራፒ፣ የእግር ድጋፍ፣ ተስማሚ ጫማ፣ አንዳንዴም ቀዶ ሕክምና ልጁን ከመውደቅ ያድኑታል። «እያየህ ሂድ» ከማለት በፊት እግሩን ማሳየት ይቅደም።