የአውሮፓ ዕረፍት በጣርማ በር ክረምት

በአውሮፓ ነዋሪ የሆኑ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ትውልድ ቀያቸው ለመምጣት ሲያስቡ፣ በቅድሚያ የሚመለከቱት የትምህርት ቤቶችን የዕረፍት ጊዜ ነው። በአውሮፓ ረጅሙ ዕረፍት የሚውለው በአመዛኙ በሐምሌና በነሐሴ ወራት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አባል አገራት ሠራተኛው በዓመት ቢያንስ የ4 ሳምንት ፈቃድ ከነክፍያው እንዲያገኝ በሕግ የተደነገገ ሲሆን፣ ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች የፈቃዳቸውን አብዛኛውን ክፍል የሚወስዱት በዚሁ ወቅት ነው።

ይህ ጊዜ በአውሮፓ ፀሐይ የሚሞቅበት፣ ቀኑ የሚረዝምበትና ሰው ወደ ባህር ዳርቻ የሚጎርፍበት ነው። በኢትዮጵያ ግን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ቀን የሚዘልቀው የክረምት ወቅት እኩሌታ ነው። በመሆኑም ከፍራንክፈርት ወይም ከስቶክሆልም በቀላል ልብስ የተነሳ ቤተሰብ፣ ወደ ሰሜን ሸዋና ወደ ይፋት ቆላ ለመሄድ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ የሚቀበለው ጉምና ዝናብ ነው። የጉዞውን ቀን የሚወስነው የአውሮፓ ቀን መቁጠሪያ ቢሆንም፣ መንገዱን፣ ጤናውንና ከዘመድ ጋር የሚኖረውን ውሎ የሚወስነው የአካባቢው ወቅትና ወግ መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ጠቃሚ ነው።

ከወቅቱ ባሻገር የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ልዩነትም እንግዶችን ሲያደናግር ይስተዋላል። ኢትዮጵያ ቀኑን የምትቆጥረው ከንጋት ጀምሮ በመሆኑ፣ በአውሮፓ አነጋገር ከጠዋቱ 6 ሰዓት የሚባለው በእኛ 12 ሰዓት ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ማልደው የሚነሱ እንደመሆናቸው፣ የ6 ሰዓቱን ልዩነት የዘነጋ መንገደኛ መኪናው ከሄደ በኋላ መናኸሪያ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲያዝ ሰዓቱ "በሐበሻ" ይሁን "በፈረንጅ" መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከብርድ ወደ ሙቀት የሚያወርደው መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ሲያመራ ከባህር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘውን ጣርማ በርን ያገኛል። በስፍራው ያለውና ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ዋሻ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ድረስ የሰሜኑ መንገድ ዋነኛ ማለፊያ ሆኖ በማገልገል ላይ ይገኛል። ወደ መንዝ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ከጣርማ በር ነው።

መንገዱ ዋሻውን ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ይፋት ይወርዳል። ከአዲስ አበባ 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ያለችው 1 ሺህ 300 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። መንገደኛው በአጭር ጉዞ ከ1 ሺህ 700 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። የአየሩ ሙቀት በየ1 ሺህ ሜትሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ ጣርማ በር ላይ ካፖርት የደረበ ሰው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በሸሚዝ ብቻ መቀመጥ ይሻል። ለዚህም ነው ለአንድ ቀን መንገድ የሁለት ወቅት ልብስ መያዝ የሚያስፈልገው።

በክረምት ወራት በጣርማ በር የሚወርደው ጉም አንዳንድ ጊዜ የፊት ለፊት መኪናን እስከመሸፈን ይደርሳል። በጎዳናው ላይ ከባድ የጭነት ተሽከርካሪዎች የሚበዙ ሲሆን፣ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ለመውረድ የሚሞክር አሽከርካሪ ፍሬኑ ግሎ ሊከዳው ይችላል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ በዝግታ መውረድ፣ መብራት ማብራት፣ በጉም ውስጥ ከመቅደም መታቀብና ጉዞውን ከመጨለሙ በፊት ማጠናቀቅ የአካባቢው ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች የሚከተሉት ሥርዓት ነው። በአውሮፓ አውራ ጎዳና ለመንዳት የለመደ ሰው መኪና ተከራይቶ ራሱ ከሚነዳ ይልቅ መንገዱን የሚያውቅ ሾፌር ቢይዝ ይመረጣል። ቆላው ላይ ደግሞ ደጋው ሲዘንብ የሚመጣ ደራሽ ውኃ ስላለ፣ የሞላ ወንዝ እስኪጎድል መጠበቅ እንጂ ደፍሮ መግባት አይገባም።

የይፋት ቆላና እንግዳ ተቀባይነቱ

ይፋት ለእንግዳ አዲስ አይደለም። ከ13ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የቆየው የይፋት ሱልጣኔት የሚታወቀው ከዘይላ ወደብ ወደ መሀል አገር በሚዘልቀው የንግድ መስመር ነበር። የዘመኑ ከተሞች የድንጋይ ፍርስራሾች ዛሬም በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የሚገኙ ሲሆን፣ ኖራ በተባለው ስፍራ ያለው የጥንት መስጊድ ከእነዚሁ መካከል የሚጠቀስ ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ሸዋ የመጡ አውሮፓውያንም ይህንኑ የቆላ አቅጣጫ ተከትለዋል። በ1841 እ.ኤ.አ በዊሊያም ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን በረሃ በማቋረጥ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ወጥቷል። በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ የመጣው እንግዳ ከቆላ ወደ ደጋ ይወጣ ነበር። ዛሬ ከአውሮፓ የሚመጣው የአገሩ ልጅ በአንጻሩ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል።

በአሁኑ ወቅት በይፋት ገበያዎች አማራው፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ይገናኛሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙም በደስታና በሐዘን አብረው የኖሩ ናቸው። በሠርግም ሆነ በለቅሶ ደጋሹ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ አርዶና አብስሎ ማቅረቡ የተለመደ ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ "ለእኔ ልዩነት የለውም" ብሎ ማዕዱን ቢያደባልቅ ቅንነት ቢመስለውም የባለቤቶቹን ጥንቃቄ ማፍረስ ይሆንበታል። እንዲሁም ነሐሴ 1 ቀን የሚገባው የፍልሰታ ጾም ከአውሮፓ ዕረፍት ጋር ስለሚገጣጠም፣ በክርስቲያኑ ቤት ለእንግዳው ክብር በግ ይታረድልኝ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። በምትኩ ልጆች ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረውን ቡሄን የማየት ዕድል ያገኛሉ። ዕንቁጣጣሽ ግን አብዛኞቹ ወደ አውሮፓ ትምህርት ቤቶቻቸው ከተመለሱ በኋላ የሚውል በዓል ነው።

ለልጆቹ ሌላም መልካም አጋጣሚ አለ። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶችም በክረምት ስለሚዘጉ የአጎትና የአክስት ልጆች ከቤት አይጠፉም። ሆኖም በገጠሩ ክረምት የዕረፍት ሳይሆን የሥራ ወቅት ነው። ጤፍ ይዘራል፣ ማሽላ ይታረማል፣ በቆላው ቀበሌዎችም ማሾ ይለማል። የከተማ ልጅ እኩያውን ማግኘት ከፈለገ እስከ ማሳው አብሮት መዝለቁ የተሻለ መተዋወቂያ ነው።

"አንተ" እና "አንቱ"

በአውሮፓ የተወለዱ ልጆች አማርኛን የሚማሩት በአብዛኛው ከእናትና ከአባታቸው ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን የሚጠሩት "አንተ" እና "አንቺ" እያሉ በመሆኑ፣ ልጆቹም ይህንኑ ይዘው አያታቸውን "አንተ" ሲሉ ይሰማሉ። ልጁ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን "አንቱ" የሚባል ሰው በቤቱ ስላላየ ነው። አያት ይቅር ቢሉም ልጁ በእኩዮቹ ፊት መሳቂያ እንዳይሆን፣ "አንቱ"፣ "እርስዎ"፣ "ጋሼ" እና "እትዬ" የሚሉትን አጠራሮች ከጉዞው በፊት ማለማመድ የወላጅ ድርሻ ነው።

የመጠያየቅ ልማዱም ይለያያል። በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ጎረቤትን እንኳ ለመጎብኘት አስቀድሞ መደወልና ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል፤ ምግብ ቤት አብረው የበሉ ጓደኛሞችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሒሳብ ቢከፍሉ ነውር የለውም። በይፋት በደጅ እያለፉ ሳይገቡ መቅረት የሚያስቀይም ሲሆን፣ "እንደምን ከረማችሁ" ተባብሎ ሳይቀመጡ መሄድም ሰላምታውን ጎደሎ ያደርገዋል። ቡናው ከተፈላ ደግሞ አቦል፣ ቶናና በረካ አለው። በመጀመሪያው ስኒ ተነስቶ መሄድ የቸኮለ ሰው ጠባይ ተደርጎ ይቆጠራል።

ከሁሉም በላይ ክብደት ያለው ለቅሶ መድረስ ነው። በውጭ አገር የሚኖር ሰው በሌለበት ዓመታት የሞቱ ዘመዶችና ጎረቤቶች ይኖራሉ። አንዳንዴም መርዶው በሰው አገር ብቻውን እንዳይጎዳ በሚል ሳይነገረው ይቆያል። እንዲህ ያለው ሰው አገሩ ሲገባ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳዋል፤ አልቅሶ እርሙን ያወጣል። በየሐዘንተኛው ቤት እየገባ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ሳይል በመዝናኛ ስፍራ ቢታይ ግን ለዓመታት የላከው ገንዘብ ቅሬታውን አያጠፋለትም። የዕረፍቱን የመጀመሪያ ቀናት ለዚሁ መመደብና ልጆችም ስለሚያዩት ልቅሶ አስቀድሞ እንዲያውቁ ማድረግ ይበጃል። ዕረፍት ብሎ የመጣ ቤተሰብ ከጊዜው ከፊሉን በሐዘን ቤት ማሳለፉ እንደ ኪሳራ ሊታይ አይገባም፤ ዝምድናው ታድሶ የሚቀጥለው በዚህ ነውና።

ትኩረት የሚሻው የወባ በሽታ

በጣርማ በርና በሸዋ ሮቢት መካከል ያለው ልዩነት በጤናም ይገለጻል። አዲስ አበባም ሆነች ደብረ ብርሃን በደጋነታቸው የወባ ስጋት የሌለባቸው በመሆናቸው፣ በዋና ከተማዋ የሰነበተ እንግዳ ስለ በሽታው ላያስብ ይችላል። ይሁን እንጂ ከ2 ሺህ ሜትር በታች ያለው የይፋት ቆላ ወባማ ነው። ዋነኛው የስርጭት ወቅት የክረምቱን ዝናብ ተከትሎ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ሲሆን፣ በነሐሴ መጨረሻም ውኃ የቋጠሩ ስፍራዎች የትንኝ መራቢያ ይሆናሉ። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በ2024 እ.ኤ.አ በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን የተመዘገቡ መሆናቸው ችግሩ ያልተወገደ ለመሆኑ ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያዘናጋ አስተሳሰብ አለ። በቆላ ተወልዶ ያደገ ሰው "እኔ ለምጄዋለሁ" ሊል ይችላል። በተደጋጋሚ በመያዝ የሚገኘው ከፊል የመቋቋም አቅም ግን ከአካባቢው ርቀው ለዓመታት ሲቆዩ እየተዳከመ ይሄዳል። በአውሮፓ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። ስለሆነም ከመነሳት አስቀድሞ ሐኪም አማክሮ የመከላከያ መድኃኒት መውሰድና ከተመለሱም በኋላ እስከታዘዘው ቀን ድረስ ሳያቋርጡ መጨረስ፣ ሌሊት በአጎበር ውስጥ መተኛት፣ ሲመሽም እጅና እግርን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ያስፈልጋል።

በሽታው ትንኟ ከነደፈች ከሳምንት እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ሊታይ የሚችል ሲሆን፣ ቫይቫክስ የተባለው ዝርያ ከወራት በኋላም ሊያገረሽ ይችላል። ሕመሙ የሚጀምረው ቤተሰቡ ወደ አውሮፓ ከተመለሰ በኋላ ከሆነ፣ ወባን ብዙም የማያይ ሐኪም ትኩሳቱን እንደ ጉንፋን ሊቆጥረው ይችላል። የታመመው ሰው ወይም ወላጁ "ከኢትዮጵያ ቆላ ነው የመጣነው፤ የወባ ምርመራ ይደረግልን" ብሎ ሳይጠየቅ መናገሩ ሕይወት የሚያድን ቃል ነው።

ከመነሳት በፊት

በ1994 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዙ ሰዎች ወደ አገር ለመግባት ቪዛ አያስፈልጋቸውም። ልጆቹ የአውሮፓ ዜግነት ያላቸው ከሆነና መታወቂያው ከሌላቸው ግን የእነሱን ቪዛ አስቀድሞ ማዘጋጀት ይገባል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው የጸጥታ ሁኔታ ነው። በ2013 ዓ.ም በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢያቸው በደረሰው ጥቃት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ አጣዬም ክፉኛ ተቃጥላለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ዘልቆ ነዋሪውን ለስደትና ለንብረት ውድመት ዳርጓል። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭትም የየብስ ጉዞ በተለያዩ ጊዜያት ሲስተጓጎል ቆይቷል። በመሆኑም የአውሮፕላን ቲኬት ስለተቆረጠ ብቻ የየብሱን መንገድ እንደተረጋገጠ መቁጠር አይገባም። በጉዞው ዋዜማ በስፍራው ካለ ዘመድና ከትራንስፖርት ሰዎች የዕለቱን ሁኔታ ማጣራት፣ መንገዱ አስተማማኝ ካልሆነም አዛውንቶቹን በደብረ ብርሃን ወይም በአዲስ አበባ ለማግኘት አማራጭ መያዝ ብልህነት ነው።

ጣርማ በርን አቋርጦ ወደ ይፋት የሚወርድ ቤተሰብ የሚያገኘው የአውሮፓን የባህር ዳርቻ መዝናኛ አይደለም። የሚያገኘው ክረምቱን ከነጭቃው፣ ዘመዱን ከነሐዘኑና ከነደስታው ነው። ልብሱን፣ መድኃኒቱንና ወጉን አዘጋጅቶ የመጣ እንግዳ ጥቂቶቹን ሳምንታት በጤናና በፍቅር ያሳልፋል፤ ልጆቹም ወደ አውሮፓ ሲመለሱ አያታቸውን በስልክ "አንቱ" እያሉ መጠየቅ ይችላሉ።