የቤት ቪዲዮ ካሜራ ሲገዙ ምን ይመለከታሉ?

ሠርግ፣ ክርስትና ወይም የአረጋውያን ወላጆች ምርቃት አንዴ ካለፈ ተመልሶ አይቀረጽም። በመሆኑም ቪዲዮ ካሜራ የሚገዛ ሰው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አይቶ መወሰን የለበትም።

ፉል ኤችዲ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው ምስል ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080 ነጥቦች አሉት። ለቤት ቴሌቪዥን ይህ በቂ ነው። ገዢን በብዛት የሚያሳስተው ዙም ነው። ኦፕቲካል ዙም በሌንሱ እንቅስቃሴ ስለሚያቀርብ ጥራቱን ይጠብቃል፤ ዲጂታል ዙም ግን ምስሉን ቆርጦ ከመለጠጥ ያለፈ ሥራ የለውም። ስለዚህ «500 እጥፍ» የሚለውን ትተው የኦፕቲካሉን ልክ ይጠይቁ።

የእኛ ድግስ አብዛኛው በድንኳን ውስጥና በምሽት ነው። ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ትንሽ ሲሆን በደብዛዛ ብርሃን የተቀረጸው ምስል በነጠብጣብ ይሞላል። ከመክፈልዎ በፊት በሱቁ ጨለም ያለ ጥግ ይቅረጹና በካሜራው ትንሽ ስክሪን ሳይሆን በቴሌቪዥን ይመልከቱት። ድምፁንም ያዳምጡ። የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ የአባት ምርቃት በእልልታና በሞንታርቦ ጩኸት ተውጦ ከቀረ ምስሉ ብቻውን ብዙም አያጽናናም።

በሴኮንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት ወደ 11 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ባለ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ 3 ሰዓት ገደማ ይይዛል ማለት ነው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ግን ከተጨማሪ ካርድ ይልቅ ተጨማሪ ባትሪ መግዛት ይቀድማል።