ታይሚንግ በጆሮ አይለካም

መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ የቤንዚን መኪና እዚያ ጉልበት ያጣል። አንዳንድ መካኒክ ታዲያ ዲስትሪቢውተሩን አዙሮ ካንዴላው ቀደም ብሎ እንዲተኩስ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በተሠሩት ባለኮምፒዩተር ኮሮላዎች ላይ ግን ይህ መዘዝ አለው።

ኮምፒዩተሩ እንደ ፍጥነቱና እንደ ጭነቱ የሚጨምረውን ዲግሪ የሚቆጥረው ከአንድ መነሻ ተነሥቶ ነው። ፎር ኤ ኤፍ ኢ በተባለው ሞተር መነሻው ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ 10 ዲግሪ ሲቀረው ነው። ለመለካት ሞተሩ በደንብ ይሞቅና በመመርመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ቲ ኢ 1 እና ኢ 1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ። ኮምፒዩተሩ ያን ጊዜ በመነሻው ላይ ይጸናል። በሚኒሞ፣ በታይሚንግ መብራት እየታየ ዲስትሪቢውተሩ ይስተካከላል፤ ከታሰረ በኋላ ሽቦው ይነሣል። ያለ ሽቦው የሚታየው የኮምፒዩተሩ ውሳኔ እንጂ መነሻው አይደለም።

መነሻው ቢዛባ ኮምፒዩተሩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ደጋ ላይ የተመቸው ሞተር ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ፣ ጭነት ይዞ ዳገቱን ሲጀምር ያንኳኳል፤ ሲብስም ፒስተን ያቃጥላል። ስለዚህ ከጋራዥ ከመውጣትዎ በፊት ይጠይቁ፦ ሽቦው ተገናኝቶ ነበር?