የአባባ ፒክአፕ ቀዝቀዝ ትበል፦ ለአሮጌ መኪና ኤሲ ሲመርጡ

በብዙ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ አንዲት የማትሸጥ መኪና አለች። እኛ ቤት ያለችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራች ባለ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። አባባ እኛን ትምህርት ቤት ያመላለሱባት፣ ቤታችን ሲሠራ አሸዋና ሲሚንቶ የጫኑባት መኪና ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ኤሲ የላትም ብሎ ያማረረ ሰው አልነበረም። መስኮት ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

ነገሩ የተለወጠው ለሠርግ ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ ነው። መተሐራን አልፈን አዋሽ ልንደርስ ስንል አባባ ላብ አጥምቋቸው፣ ፊታቸው ገርጥቶ መኪናዋን ዳር አስያዙ። «ትንሽ አዞረኝ» አሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ የ68 ዓመት ሰው ናቸው። ያን ቀን ጥላ ሥር አስቀምጠን ውኃ ስናጠጣቸው ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነበር፤ ወይ መኪናዋ ትሸጣለች፣ ወይ አባባ ከእንግዲህ ቆላ አይወርዱም። እሳቸው ግን ሁለቱንም አልተቀበሉም። «ኤሲ ይገጠምላት» አሉ።

የመጀመሪያው ሙከራችን አልተሳካም። ከሌላ አውቶሞቢል የተነቀለ ያገለገለ ኤሲ በርካሽ አግኝተን አስገጠምን። ከተማ ውስጥ ሲሞከር በረዶ የመሰለ አየር ሰጠ። ከአዋሽ ስንመለስ ግን ወለንጪቲን ሳናልፍ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ቀዩን ነካ። ገንዘቡም ባከነ፣ ሞተሩም ሊሄድብን ነበር። እርስዎም እንዲህ ያለች መኪና ካለችዎት፣ እኛ በኪሳራ የተማርነውን ከመክፈልዎ በፊት ይወቁት።

ሙቀቱ የት ይሄዳል?

ኤሲ የሚሠራው ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ በማጓጓዝ ነው። ክሩስኮቱ ሥር ያለው ኢቫፖሬተር የጋቢናውን ሙቀት ይቀበላል፤ በሞተሩ ቺንጋ የሚዞረው ኮምፕሬሰር ጋዙን ጨምቆ ይገፋዋል፤ ከራዲያተሩ ፊት የሚቆመው ኮንደንሰር ደግሞ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይተፋዋል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ራዲያተሩ ቀድሞ ንጹሕ ነፋስ ያገኝ የነበረው አሁን በኮንደንሰሩ ውስጥ ያለፈ ትኩስ አየር ይደርሰዋል። ስለዚህ ለአሮጌ መኪና ኤሲ መምረጥ ማለት ሞተሩ ሊሸከመው የሚችለውን ሥርዓት መምረጥ ማለት ነው።

መጀመሪያ መኪናዋን ያዘጋጁ

ከኤሲው በፊት ጥቂት ብር የሚጠይቁ ሥራዎች አሉ። ራዲያተሩን ያስጠርጉ፤ የዓመታት ዝገትና ደለል የያዘ ራዲያተር ተጨማሪ ሙቀት አይችልም። የበሮቹንና የመስኮቶቹን ጎማ ያስለውጡ። የጋቢናው ወለልና ከሞተሩ የሚለየው ግድግዳ ላይ ምንጣፉን አስነሥተው ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ያስለጥፉ። የማሞቂያው ውኃ መዝጊያም በትክክል መዝጋቱን ያስፈትሹ፤ በድሮ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ክረምት ከበጋ ትኩስ ውኃ ጋቢና ውስጥ ያዞራል። እኛ ይህን ብቻ ስናስተካክል ልዩነቱ በግልጽ ተሰማን።

ሦስቱ አማራጮች

የመጀመሪያው ለዚያው ሞዴል የተሠራ ኦሪጂናል ኤሲ ነው። ሶማሌ ተራን የመሰሉ የመለዋወጫ ገበያዎች ውስጥ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ጥቅሙ የኮምፕሬሰሩ ማሰሪያና የቺንጋው መዘውር በልኩ መሆናቸው ነው። ማሰሪያውን ካገኙ ይግዙት፤ ያገለገለ ኮንደንሰርና ያረጁ ቱቦዎች ግን አይግዙ።

ሁለተኛው ለማንኛውም መኪና የሚሆን አዲስ ሙሉ ኤሲ ነው። ኢቫፖሬተሩና ማራገቢያው በአንድ ሣጥን ሆነው ክሩስኮቱ ሥር ይንጠለጠላሉ። ለነጠላ ጋቢና ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ የሚስማማው ይህ ነው። ክሩስኮቱ ሳይቆረጥ በብሎን ብቻ እንዲታሰር ያድርጉ። ነገ ልጅዎ መኪናዋን እንደ ጥንቷ ልመልሳት ቢል ፈትቶ ማውጣት ይችላል።

ሦስተኛው በባትሪ ብቻ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ኤሲ ነው። ቺንጋ አይፈልግም፤ ነገር ግን የሚስበውን ኃይል የድሮ መኪና ዲናሞ አይችለውም። ለእንዲህ ያለ መኪና አልመክርዎትም።

ልኩን ማወቅ

«ትልቅ ይሻላል» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ አይሠራም። የድሮ ሃይሉክስ ናፍጣ ሞተር አዲስ ሳለ ጉልበቱ ከ70 እስከ 80 ፈረስ ነበር። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ሩብ የሚጠጋው እዚሁ ቀርቷል። ከባድ ኮምፕሬሰር ከዚህ ላይ 5 ፈረስ ቢወስድ ዳገት ላይ ወዲያው ይታወቃል። ለነጠላ ጋቢና በአንድ ዙር ከ108 እስከ 138 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚገፋ ኮምፕሬሰር በቂ ነው።

ኮንደንሰሩ ግን በተቃራኒው ቦታው የፈቀደውን ያህል ሰፊ ይሁን። ከፊቱም የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ይጨመርለት፤ መኪናዋ ቆማ ወይም መንገድ ተዘጋግቶ ስታዘግም ነፋስ የሚሰጠው እሱ ነው። የኛ የመጀመሪያው ኤሲ ኮምፕሬሰሩ ትልቅ፣ ኮንደንሰሩ ጠባብ፣ ቬንትሌተሩም የሌለው ነበር። በሌላ አነጋገር ሁሉም ተገልብጦ ነበር።

ኤሌክትሪኩ

የጋቢናው ማራገቢያ፣ የፊቱ ቬንትሌተርና የኮምፕሬሰሩ ማግኔት አንድ ላይ 25 አምፔር ያህል ሊስቡ ይችላሉ። የብዙ ድሮ መኪኖች ዲናሞ በሙሉ አቅሙ የሚሰጠው 40 ወይም 50 አምፔር ነው። ማታ መብራት ሲጨመር ባትሪው መድከም ይጀምራል፤ እንዲህ ከሆነ ዲናሞውን በትልቅ ይቀይሩ። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊውዝና ሪሌ ይኑረው። አንዳንድ የድሮ ናፍጣ ላንድክሩዘሮች ባለ 24 ቮልት ስለሆኑ ከመግዛትዎ በፊት የመኪናዎን ቮልት ያረጋግጡ።

ጋዙ

በ1980ዎቹ የነበሩ ኤሲዎች የሚሠሩት አር 12 በተባለ ጋዝ ነበር። ጋዙ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ከገበያ ወጥቷል። ዛሬ ለእንዲህ ያለ መኪና የሚሞላው አር 134 ኤ ነው። ይህ ጋዝ የተለየ ዘይት ይፈልጋል፤ በድሮ ቱቦዎች ግድግዳም ቀስ እያለ ያመልጣል። ርካሽ ነው ተብሎ ቡታ ጋዝ እንዲሞላ በፍጹም አይፍቀዱ። ተቀጣጣይ ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ደግሞ ያለው እግርዎ አጠገብ ነው።

ለጋራዡ የሚያቀርቧቸው አምስት ጥያቄዎች

1. ቱቦዎቹ ለአር 134 ኤ የተሠሩ ናቸው? እርጥበት መምጠጫው ማጣሪያስ አዲስ ነው? ሥርዓቱ በተከፈተ ቁጥር ማጣሪያው መለወጥ አለበት።

2. ግፊቱ ከመጠን ሲያልፍ ወይም ጋዙ ሲያልቅ ኮምፕሬሰሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሟል?

3. ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩና እርጥበቱ በቫኪዩም ፓምፕ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይወጣል? አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች መለኪያው 22 ወይም 23 ኢንች አካባቢ ቢቆም ጉድለት አይደለም፤ 29 የሚታየው በባሕር ወለል ነው። ዋናው ነገር ፓምፑ ከጠፋ በኋላ መርፌው አለመንቀሳቀሱ ነው።

4. ጋዙ የሚሞላው በሚዛን ተለክቶ ነው ወይስ በግምት?

5. የሙከራው ጊዜ እንዴት ነው? ጠዋት በብርድ የተሞከረ ኤሲ ምንም አይነግርዎትም። ከቀትር በኋላ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናዋ ቆማ ለ15 ደቂቃ ይሥራና የሙቀት መለኪያውን ይመልከቱ።

ዳገቱ ላይ

ሁለተኛውን ኤሲ ካስገጠምን በኋላ እንደገና ወደ ድሬዳዋ ወረድን። ጋቢናው እንደ ዘመናዊ መኪና አልቀዘቀዘም። አዋሽ ላይ ግን አባባ ሸሚዛቸው ደረቅ እንደሆነ ከመኪና ወርደው ሻይ አዘዙ። ስንመለስ መተሐራን አልፈን ሽቅብ ስንጀምር፣ ማንም ሳይነግራቸው እጃቸውን ሰደድ አድርገው ኤሲውን አጠፉት።

«ምነው አባባ?» አልኳቸው።

«እሷም ትንፋሽ ትውሰድ» አሉኝ።

እርስዎም ረጅም ዳገት ሲገጥምዎት እንዲሁ ያድርጉ፤ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው ኤሲውን ያሳርፉት። ሜዳው ላይ ሲደርሱ መልሰው ይከፍቱታል።