የክፉ ቀን ወዳጅ ሒሳብ

ጓደኛችን ሲቸገር ምን ብናደርግለት ነው በእርግጥ የሚጠቅመው? ጥያቄው የፊዚክስ አይመስልም። ሆኖም ስለ መዋዠቅ የሚያጠናው የፊዚክስ ዘርፍ በዚህ ላይ የሚለው አለው። ነገሩን ለማስረዳት በደቡብ ኦሞ ዞን፣ በኦሞ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ወደ ዱስ እንሂድ።

ዱስ የካራ ሕዝብ መንደር ናት። ካራዎች የወንዙ ሙላት ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ሲዘሩ ኖረዋል። ጎረቤቶቻቸው ሐመሮች ይበልጡን በከብትና በፍየል ርቢ፣ እንዲሁም በዝናብ በሚያበቅሉት ማሽላ ይተዳደራሉ። በሁለቱ መካከል «ቤል» የሚሉት የወዳጅነት ትስስር አለ። ቤል የሆኑ ሰዎች በደኅና ቀን ስጦታ ይለዋወጣሉ፤ በክፉ ቀን ደግሞ አንዱ ወደ ሌላው ቤት ሄዶ እህል ወይም ፍየል ይጠይቃል።

የዚህ ጥቅም በስሌት ይታያል። ምርታቸው በእኩል መጠን የሚዋዥቅ፣ ችግራቸው ግን እርስ በርሱ የማይያያዝ አራት ቤተሰቦች ያላቸውን እኩል ቢካፈሉ፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ መዋዠቅ በግማሽ ይቀንሳል። ዘጠኝ ቢሆኑ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። መዋዠቁ የሚቀንሰው በቁጥራቸው ዳግም ዘር ልክ ነውና።

ቁልፉ «የማይያያዝ» የሚለው ቃል ነው። አንድ ድርቅ ሁሉንም በአንድነት ከመታ መቶ ወዳጅም አያድንም። የካራው ማሽላ ይጠብቅ የነበረው በሩቅ ደጋ ዘንቦ በወንዙ የሚወርደውን ውኃ ነው። ስለዚህ የሐመር ሰማይ በነጠፈበት ዓመት የካራ ጎተራ ሊሞላ ይችል ነበር።

የጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ከጀመረ ወዲህ ግን የቀድሞው ዓመታዊ ሙላት ተቋርጧል። እህል ሰጪ የነበረው ካራ ራሱ ጠያቂ የሚሆንበት ጊዜ መጣ። የወዳጅነት ፈተናም ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ይሰጥ የነበረው ሰው ሲቸገር መቸገሩን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ከዚህ ለራሳችን ሦስት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ ለክፉ ቀን የሚሆን ትስስር የሚሠራው በደኅናው ቀን ነው። ሁለተኛ፣ አብሮን የተጎዳ ጓደኛ ኀዘናችንን ይካፈላል፤ ጎተራችንን የሚሞላው ግን ጉዳቱ ያልደረሰበት ነው። እኛ ያልተነካን ከሆንን እንግዲህ ተራው የእኛ ነው። ሦስተኛ፣ ቤል መጠየቅን ነውር አላደረገውም። «ካስፈለገህ ንገረኝ» ማለት ግን ሸክሙን መልሶ በተቸገረው ጫንቃ ላይ ይጥላል። እድር ድንኳኑን የሚተክለው ለቅሶኛው እስኪለምን ጠብቆ አይደለም።

እርግጥ ኀዘን እንደ ማሽላ ተሰፍሮ አይካፈልም፤ ስሌታችንም እስከዚያ አይደርስም። የቤተሰቡ ከብት በድርቅ ያለቀበት የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ግን የመመለሻ ትራንስፖርት፣ ያመለጠው ትምህርት ማስታወሻና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። እነዚህን ሳይጠይቀን ልናደርስለት እንችላለን።